የቆዩ የሕግ መጻሕፍትና ሰነዶች አሰባሰብ፦ ከሻጩ ቃል በፊት ዕቃውን ማንበብ

የቆየ የሕግ ሰነድ ከሌላው ጥንታዊ ዕቃ የሚለየው፣ ገና ሲዘጋጅ «ነገ ይህን የሚክድ ይመጣል» ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ነው። ብራናው ሲመረጥ፣ ጠርዙ ሲቆረጥ፣ ማኅተሙ ሲያርፍ፣ ምስክሮች ሲፈርሙ፣ ሁሉም ለክርክር ቀን የተቀመጠ ማስረጃ ነበር። ያ ማስረጃ ዛሬም ዕቃው ላይ አለ። የሻጩን ገለጻ ከማንበባችሁ በፊት ዕቃውን ራሱን ማንበብ ከለመዳችሁ፣ በዚህ ሥራ ገንዘብ ከሚያስበሉት ስሕተቶች አብዛኞቹን ታልፏቸዋላችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገለጻ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ማግና ካርታ (የእንግሊዝ ነገሥታት ሥልጣናቸውን በሕግ የገደቡበት ቻርተር) ያሳያል። ቤተ መጻሕፍቱ በ1946 በ27.50 ዶላር ሲገዛው በ1327 የተገለበጠ ቅጂ ነው ተብሎ ነበር። በ2025 ግን ዴቪድ ካርፔንተርና ኒኮላስ ቪንሰንት የተባሉ የታሪክ ምሁራን የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1300 ካወጣቸው ዋና ሰነዶች አንዱ መሆኑን አረጋገጡ። የብራናውን ልክ ከሌሎቹ የ1300 ሰነዶች ጋር አስተያዩ፤ የደበዘዘውን ጽሑፍ በአልትራቫዮሌት ብርሃን አስነሥተው ቃል በቃል አመሳከሩት። እዚህ ላይ ስሕተቱ የጠቀመው ገዢውን ነው። በገበያው የሚበዛው ግን ተቃራኒው ነው።

በመጀመሪያ የምትሰበስቡትን አጥብቡ። «የሕግ መጻሕፍት» ማለት ምንም ማለት አይደለም። አንድ መጽሐፍ በሁሉም እትሞቹ፣ የአንድ ዓይነት ውል፣ የአንድ ፍርድ ቤት ሥራ፣ ወይም አንድ የሕግ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ጋብቻ ወይም የባሕር ንግድ ቢሆን ይሻላል። ምክንያቱ ማነጻጸር ነው፤ አንድ ዓይነት ውል 30 ጊዜ አገላብጦ ያየ ሰው በ31ኛው ላይ የተዛባውን ነገር ወዲያው ያውቀዋል። ሁሉን የሚገዛ ግን ሁልጊዜ ጀማሪ ሆኖ ይቀራል።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የወጡ ረጃጅም ተከታታይ የፍርድ ውሳኔ ቅጾች ሲያዩአቸው ግርማ አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ብዙውን ጊዜ ለመደርደሪያ ማሳመሪያ ከሚከፈለው አይበልጥም። የታወቀ ዳኛ ወይም ጠበቃ በእጁ አስተያየት የጻፈበት ካልሆነ በቀር ተዉአቸው። የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጾች የተለዩ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ 90 ቅጾች የሚጠሩት ባጠናቀሯቸው ሰዎች ስም ነው። እዚያም ቢሆን መጠንቀቅ ያሻል። አሌክሳንደር ዳላስ በ1790 በፊላደልፊያ ያወጣው ቅጽ 1 የያዘው የፔንሲልቬንያ ፍርድ ቤቶችን ውሳኔ እንጂ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን አይደለም፤ የዚያ የሚጀምረው ከቅጽ 2 ነው። «የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ውሳኔ ያለበት» ተብሎ ቅጽ 1 ሲቀርብላችሁ ሻጩ መጽሐፉን አልገለጠውም ማለት ነው።

ከመጻሕፍት ብዙ ሰው የሚሳሳተው በተደባለቀ ስብስብ ነው። የእንግሊዛዊው የሕግ ሊቅ የዊልያም ብላክስቶን የእንግሊዝ ሕግ ትንታኔ አራት ቅጾች በኦክስፎርድ የወጡት በ1765፣ በ1766፣ በ1768 እና በ1769 ነው። ቅጽ 4 ከመውጣቱ በፊት ቅጽ 1 በድጋሚ ታትሞ ነበር፤ የዚያ ዘመን ገዢዎች ደግሞ ቅጾቹን አንድ በአንድ ነው ያሟሉት። ስለዚህ በአንድ ዓይነት ቆዳ አምረው የተጠረዙ አራት ቅጾች ከተለያዩ እትሞች የመጡ መሆናቸው የተለመደ ነው። የሽፋኑ መመሳሰል የጠራዡን ሥራ እንጂ የእትሙን አንድነት አያሳይም። አራቱንም የርእስ ገጾች አንብቡ፤ ሻጩ ፎቶ የላከው የአንዱን ብቻ ከሆነ የቀሩትን ጠይቁ። ቅጽ 2 ውስጥ ሁለት የተቀረጹ ሠንጠረዦች መኖር አለባቸው፤ አንዱ የዝምድና፣ ሌላው ታጥፎ የሚገባው የውርስ ሐረግ ነው። ታጣፊው በእጥፉ ላይ ይቀደዳል፣ ወይም ጨርሶ ተገንጥሎ ይጠፋል። በ1771 እና በ1772 ሮበርት ቤል በፊላደልፊያ ያሳተመው ደግሞ የመጀመሪያው የአሜሪካ እትም ነው። እሱም ተፈላጊ ነው፤ «የመጀመሪያ እትም» ሲባል ግን የትኛው እንደተባለ ተጠያየቁ።

የመጽሐፍን ሙሉነት ለማረጋገጥ የገጽ ቁጥር አይበቃም። የድሮ አታሚዎች ቁጥር ያዘልሉ፣ ይደግሙም ነበር። የሚታመነው በቅጠሉ ግርጌ ያለው የጥራዝ (አብረው ታጥፈው የሚሰፉ ቅጠሎች) ፊደል ነው፤ A፣ A2፣ A3 እያለ ይሄዳል። ፊደሎቹ 23 ናቸው፤ I እና J እንደ አንድ፣ U እና V እንደ አንድ ይቆጠራሉ፣ W የለም። ከZ በኋላ Aa ይጀምራል። ስለዚህ ከI ወደ K መዝለሉ የጎደለ ነገር የለም ማለት ነው፤ ይህን ሳያውቁ መጽሐፍ የሚመልሱ አሉ። ወረቀቱ አንዴ ከታጠፈ 2 ቅጠል፣ ሁለቴ ከታጠፈ 4፣ ሦስቴ ከታጠፈ 8 ቅጠል ይሆናል። ብዙ ጥራዝ የተሰፋው ግን ከአንድ በላይ ሉህ እርስ በርሱ ገብቶ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ጥራዞች ስንት ቅጠል እንዳለ ቁጠሩና ቀሪውን በዚያ ለኩ። በገጹ ግርጌ ቀኝ በኩል ብቻውን የሚቆመው ቃል በሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ መደገም አለበት። የገጽ ቁጥሩ ዘሎ ፊደሉና ቃሉ ከተያያዙ የአታሚው ስሕተት ነው፤ ፊደሉም ቃሉም ከተቋረጡ ቅጠል ጎድሏል።

ከዚያ ቅጠሎቹን ወደ ብርሃን ያዙ። እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተሠራው ወረቀት ላይ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተራራቁ የሚሄዱ መስመሮች ይታያሉ። አንዴ በታጠፈ መጽሐፍ ከላይ ወደ ታች፣ ሁለቴ በታጠፈ ወደ ጎን፣ ሦስቴ በታጠፈ እንደገና ከላይ ወደ ታች ይሄዳሉ። በአንድ ጥራዝ ውስጥ አንድ ቅጠል ብቻ አቅጣጫው ከተለየ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ከሌላ ቅጂ የተወሰደ ወይም በኋላ ተመስሎ የታተመ ሊሆን ይችላል። ከስፌቱ አጠገብ ጠባብ የወረቀት ቁራጭ ወጥቶ ካያችሁ ግን አትደንግጡ። አታሚው ራሱ ስሕተት ያለበትን ቅጠል ቆርጦ የታረመውን ለጥፎበት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው የታረመው መኖሩ ነው።

የሕግ መጽሐፍ በብዛት የሚጎድለው መጨረሻው ላይ ነው። ጠበቃ መጽሐፉን የሚከፍተው ከማውጫውና ከጉዳዮች ዝርዝር ስለሆነ የመጨረሻው ጥራዝ ከሁሉም ቀድሞ ይላላል። በርእስ ገጹ ፊት የሚመጣውን አጭር ርእስ ያለበትን ቅጠል ደግሞ ጠራዦች እንደ ትርፍ ይጥሉት ነበር። ባዶ ቅጠሎችም ይቆጠራሉ። ለማመሳከር በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት በዲጂታል የተቀመጡ ቅጂዎችን ተጠቀሙ፤ አንዱ ቅጂ ራሱ ጎዶሎ ሊሆን ስለሚችል ቢያንስ ሦስት ተመልከቱ። እስከ 1800 በእንግሊዝኛና በእንግሊዝ ግዛቶች ለታተሙት ኢኤስቲሲ፣ ከ1501 በፊት ለታተሙት አይኤስቲሲ የሚባሉት ካታሎጎች ሌላ ቅጂ የት እንዳለ ያሳያሉ።

በኅዳጉ ላይ ያለ የእጅ ጽሑፍ ጉዳት አይደለም። በልብ ወለድ መጽሐፍ ላይ ዋጋ የሚቀንሰው ጭረት በሕግ መጽሐፍ ላይ ዋጋ ይጨምራል፤ የትኛው አንቀጽ እንደተሻረ፣ በየትኛው ክርክር እንደተጠቀሰ የሚነግረን እሱ ብቻ ነው። ታጥቦ የነጣ፣ ኅዳጉ ተከርክሞ ማስታወሻው ለሁለት የተቆረጠ መጽሐፍ ሳይ ያሳዝነኛል፤ ያን የመለሰ ጠጋኝ የለም።

ሽፋኑን በተመለከተ፣ ብዙ የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሕግ መጽሐፍ በቀለም ባልተነከረ ፈዛዛ የጥጃ ወይም የበግ ቆዳ ተጠርዞ ጀርባው ላይ ቀይና ጥቁር ምልክት ይለጠፍበታል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቆዳ ትልቁ ሕመም ሲነኩት እጅ ላይ ቀይ ቡናማ ዱቄት መተው ነው። በዕፀዋት የለፋው ቆዳ ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ መብራት የወጣውን የሰልፈር ጭስ መጥጦ በውስጡ አሲድ ሆኖበታል። አይመለስም፤ ማቆም ብቻ ነው የሚቻለው። ባለሙያ ሃይድሮክሲፕሮፒል ሴሉሎስ የተባለውን በአልኮል አሟምቶ ይቀባዋል፤ ቆዳውን ሊያጠቁር ስለሚችል በማይታይ ጥግ ላይ አስቀድሞ ይሞከራል። ውኃ ከነካው ጠቁሮ ይደርቃል። ዘይትና የጫማ ቅባት ደግሞ አቧራ ይይዛል፣ ወደ ወረቀቱም ይሰርጋል፤ የድሮ መጻሕፍት ላይ የሚመከረውን የቆዳ ዘይት አትመኑት። ባለሙያ እስክታገኙ ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ጠቅልላችሁ በሣጥን አስቀምጡ። ከመደርደሪያ ስታወጡም የጀርባውን ጫፍ አትሳቡ፤ ግራና ቀኝ ያሉትን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ወገቡን ያዙ።

ወደ ሰነዶች ስንመጣ፣ ለጀማሪ የምመክረው የእንግሊዝ የርስት ውል ነው። በ1925 የወጡት የንብረት ሕጎች ባለቤትነትን ለማረጋገጥ ወደ ኋላ የሚታየውን ዘመን ስላሳጠሩት በጠበቆች ቤት የተከማቹ አሮጌ ውሎች ሥራ ፈቱ። ብዙዎቹ ተጣሉ፤ የመብራት መሸፈኛ የሆኑም አሉ። የተረፉት በርካታ ስለሆኑ ለመማሪያ ይመቻሉ።

እነዚህ ውሎች በብዛት የተጻፉት በበግ ብራና ነው፤ በ2021 የታተመ ጥናት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ሰነዶች ናሙና ወስዶ አረጋግጦታል። የበግ ቆዳ በንብርብሮቹ መካከል ስብ ይበዛዋል፤ ስቡ በኖራ ሲወጣ ንብርብሮቹ ይላላሉ፣ በኋላ ጽሑፍ ለመፋቅ የሞከረ ሰው ደግሞ ንብርብሩን ይልጠዋል። ሪቻርድ ፊትዝኒል በ12ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሡ ገንዘብ ቤት ጸሐፊዎች የበግ ቆዳ የሚጠቀሙት ሳይታወቅ ለመፋቅ ስለማይመች መሆኑን ጽፏል። እናንተም በዚሁ ተጠቀሙ፦ ክፍሉን አጨልሙና የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከብራናው ጋር እኩል አድርጋችሁ አብሩ። ስሙን፣ የገንዘቡን መጠንና ቀኑን በተለይ ተመልከቱ። ሻካራ ሆኖ የተነሣ ቦታ፣ ቀለሙ ዳር ዳር የተሰራጨበት ፊደል ካለ ተፍቋል።

የላይኛው ጠርዝ እንደ ማዕበል ወይም እንደ ጥርስ የተቆረጠ ከሆነ የሁለት ወገን ውል ነው። ሁለት ቅጂ በአንድ ብራና ላይ ተጽፎ መካከሉ በጠማማ መስመር ይቆረጥና ለየወገኑ ይሰጣል፤ ክርክር ሲነሣ ጠርዞቹ ይገጣጠማሉ። ቀጥ ብሎ የተቆረጠው የአንድ ወገን ሰነድ ነው። ጽሑፉ የሁለት ወገን ውል ነኝ እያለ ጠርዙ ቀጥ ካለ ለፍሬም ሲባል ተከርክሞ ይሆናል። በ1845 ግን እንግሊዝ የጠማማውን ቁርጥ አስፈላጊነት በሕግ ስላስቀረች ከዚያ በኋላ ያለው ቀጥ ማለቱ አያጠራጥርም።

ከ1694 ጀምሮ በእንግሊዝ የቴምብር ቀረጥ አለ። ብራና ላይ የሚታየው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ጎላ ብሎ የታተመ ምልክት በቀጭን የብረት ቁራጭ የተያዘ ነው፤ የብረቱ ጫፍ በጀርባ በኩል የንጉሡ ምልክት ባለበት ትንሽ ወረቀት ይሸፈናል። የዚያ ንጉሥ ዘመንና የውሉ ቀን መገጣጠም አለባቸው። ሰማያዊው ወድቆ ከሆነ አራት ማዕዘን ያልደበዘዘ ቦታና ቀዳዳዎች ይቀራሉ። ቴምብሩ ማኅተም አይደለም፤ ሻጮች ያምታቱታል። የሰም ማኅተሙ ላይ ያለውም ምልክት የፈራሚው የቤተሰብ ምልክት ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ ጸሐፊው ያገኘውን ማኅተም ለሁሉም ይመታ ነበር። የምስክሮች ፊርማና የገንዘቡ ደረሰኝ ብዙ ጊዜ በጀርባ ነው ያለው፤ ስለዚህ ጀርባው በካርቶን ላይ የተጣበቀ ሰነድ ግማሹ የለም ብላችሁ ገምቱ።

ቀንን በማንበብ ላይ በሁለት አቆጣጠር የሚኖር ሰው ቶሎ ይገባዋል። እንግሊዝ እስከ 1752 ድረስ በሕግ አዲስ ዓመት የምትጀምረው ማርች 25 ነበር፤ ስለዚህ «ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1720» ያለው ሰነድ በዛሬው አቆጣጠር 1721 ነው። በዚያው በ1752 ከሴፕቴምበር 2 ማግስት ሴፕቴምበር 14 ሆነ። ብዙ ሰነድ ደግሞ በንግሥና ዓመት ይቆጥራል፤ የዳግማዊ ጆርጅ 12ኛ ዓመት ከጁን 11 ቀን 1738 ይጀምራል። ፈረንሳይ ከ1793 እስከ 1805 መጨረሻ በአብዮቱ አቆጣጠር ጽፋለች፤ የ1804ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የመጀመሪያ ይፋ እትም የሚጠቅሰውም «ዓመት 12»ን ነው። ቋንቋም ቀን ይመሰክራል፦ ከ1650ዎቹ አጭር ጊዜ በቀር የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች መደበኛ መዝገብ እስከ 1733 በላቲን ነበር። የግል ውል በእንግሊዝኛ መጻፉ ግን ከዚያ በጣም ቀደም ብሎ የተለመደ ነው።

ለመመሳሰል የተሠራን ነገር ለመለየት ባለ 10 እጥፍ አጉሊ መነጽርና 365 ናኖ ሜትር የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይበቃሉ። በአጉሊው ጥቃቅን ነጠብጣብ ከታየ ዘመናዊ ኅትመት ነው። በአልትራቫዮሌት ወረቀቱ ደማቅ ሰማያዊ ነጭ ካበራ ከ1950ዎቹ ገደማ ወዲህ በወረቀት ላይ የገባ ማንጪያ ኬሚካል አለበት። መስመር የሌለው ልሙጥ ወረቀት ለመጽሐፍ የዋለው ከ1757 ጀምሮ ነው፤ ሰው ሠራሽ ሐምራዊ ቀለም ደግሞ ከ1856 በፊት የለም። አቧራውንም ተመልከቱ። ታጥፎ የኖረ ሰነድ የሚቆሽሸው ሲታጠፍ ውጭ የሚቀረው አንድ ክፍሉ ነው። ሁሉም ቦታ እኩል ቡናማ ከሆነ፣ የእጥፉ ውስጥም ጭምር፣ በሻይ ወይም በቀለም የተነከረ ነው።

የጥሩ ሐሳዊ ሥራ ግን ይህን ሁሉ ያልፋል። ማርክ ሆፍማን የተባለ አሜሪካዊ ሐሰተኛ ሰነድ ሠሪ በ1985 «የነፃ ሰው መሐላ» የተባለውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኅትመት ፈጥሮ በ1.5 ሚሊዮን ዶላር ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አቅርቦ ነበር። ታሪክ ለማበጀት ሲል ተመሳሳይ ርእስ ያለው ሌላ ወረቀት በአንድ መጽሐፍ መደብር ደብቆ አስቀምጦ በ25 ዶላር ራሱ ገዝቶ ደረሰኝ አወጣ። መርማሪዎች በሌሎች ሰነዶቹ ቀለም ላይ በማይክሮስኮፕ የአዞ ቆዳ የመሰለ ስንጥቅ አይተው ደረሱበት። ደረሰኝ የሚመሰክረው አንድ ወረቀት መሸጡን እንጂ የትኛው ወረቀት መሆኑን አይደለም፤ ፎቶ ወይም ልክ የሌለበትን ደረሰኝ እንደ ታሪክ አትቁጠሩት።

እውነተኛ የሆነውም የናንተ ላይሆን ይችላል። የፍርድ ቤት መዝገብ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ዘመን ቢያልፍበትም በብዙ አገር ይህ መብት አይቋረጥም። በ1977 የሰሜን ካሮላይና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1767 እና በ1768 የተጻፉ ሁለት የክስ ወረቀቶች ከግል ሰብሳቢ እጅ ለግዛቲቱ እንዲመለሱ ፈርዷል። የመዝገብ ቁጥር፣ የጸሐፊው «ገባ» የሚል ምልክት፣ ከሌሎች ጋር የተሰፋበት ቀዳዳ ካለ ጥያቄ አንሡ። ለተከራካሪ የተሰጠ ግልባጭ ወይም የጠበቃ ቅጂ ከሆነ ግን ችግር የለውም። መጽሐፍ ላይ የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ካለ ቤተ መጻሕፍቱ በፈቃዱ እንዳስወጣው የሚያሳይ «ተሰናብቷል» የሚል አብሮት ይኑር፤ የተፋቀ፣ በኬሚካል የነጣ ወይም በመቀስ የወጣ ማኅተም ካለ ተመለሱ። የእንግሊዝ የመሬት ግዛት ፍርድ ቤት ጥቅሎች ልዩ ጥበቃ አላቸው፣ ያለ ፈቃድም ከእንግሊዝና ዌልስ አይወጡም። ከማንኛውም አገር በእጅ የተጻፈ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት የመውጫ ፈቃዱን የሚያወጣው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ተስማሙ።

አቀማመጥ ላይ ዋናው ጠላት መለዋወጥ ነው። ሙቀቱን 20 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች፣ አንጻራዊ እርጥበቱን ከ40 እስከ 50 በመቶ አድርጉ፤ ከ65 ካለፈ ሻጋታ ይነሣል፣ በጣም ከደረቀ ብራና ይጨማደዳል። ከብረት ጨውና ከኦክ ዛፍ እባጭ የተሠራው የድሮ ቀለም በራሱ አሲድ ነው፤ ወረቀቱን እስከ መብላት ይደርሳል። እርጥበት ሲያገኝ ብረቱ ወደ አካባቢው ይሰራጫልና እንዲህ ያለውን ሰነድ ለማቃናት በእንፋሎት አታርጥቡ። ታጥፎ የደረቀ ብራናም በግድ አይዘረጋም፤ ቀለሙ እጥፉ ላይ ይሰነጠቃል። ተጣባቂ ፕላስቲክ በምንም ሁኔታ አይነካው፤ ቅዳጅ በጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ሙጫ ይጠገናል። ኪሱ ፖሊስተር ይሁን፣ ፒቪሲ አይሁን። ብል ካለበት መጽሐፉን አየር በማያስገባ ከረጢት አሽጋችሁ በረዶ በሚሠራ ማቀዝቀዣ (ፍሪዘር) ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት፤ ካወጣችሁ በኋላ ከረጢቱን ቢያንስ 24 ሰዓት አትክፈቱ፣ አለዚያ ጤዛው መጽሐፉ ላይ ይወርዳል። ማኅተም የተንጠለጠለበት ሰነድ ለዚህ አይሆንም፤ ሰሙ ይሰነጠቃል።

ለእያንዳንዱ ዕቃ የፊትና የኋላ ፎቶ፣ ልክ በሚሊ ሜትር፣ የቅጠል ቆጠራ፣ ከማን መቼ እንደተገዛና ሻጩ ራሱ ከየት እንዳገኘው መዝግቡ። በዕቃው ላይ መጻፍ ካስፈለገ ለስላሳ እርሳስ ብቻ፣ ከጽሑፍ ራቅ ባለ ጥግ። በገጾች መካከል የተገኘ ደረሰኝ፣ ደብዳቤ ወይም የክርክር ማስታወሻ ቢኖር ከመጽሐፉ አትለዩት፤ የትኛው ገጽ ላይ እንደነበረ ጽፋችሁ ከአሲድ ነፃ በሆነ ፖስታ ከዚያው ሣጥን ጋር አኑሩት፤ የመዝገቡን ግልባጭ ደግሞ በሌላ ቤት አስቀምጡ።